የባልትና ትምህርት፦ ከጓዳ እስከ ምናባዊው ማእድ ቤት

የኢትዮጵያ ነገሥታት ጸሐፍት ጌቶቻቸው የዘመቱበትን አገር፣ የሾሙትንና የሻሩትን መኳንንት፣ የተከሉትን ደብርና የሰጡትን ርስት በዜና መዋዕላቸው ሲያሰፍሩ የግብሩን ነገር ከቶ አልዘነጉትም፤ እንዲያውም በመካከለኛው ዘመን በግእዝ የተጻፈው «ሥርዓተ ግብር» የተባለው ሰነድ በቤተ መንግሥት በዓል ሲደረግ ለየባለማዕረጉ የሚገባውን ኅብስትና ጸብሕ በዓይነትና በመጠን ይዘረዝራል። ነገር ግን ያ ጸብሕ በምን ጥበብ እንደ ተሠራ፣ የሠራችውም ሴት ከማን እንደ ተማረችው መንገር የጸሐፊው ጉዳይ አልነበረም። ብዕር የያዘው ወገንና ማማሰያ የያዘው ወገን በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ የማይተዋወቁ ስለ ነበሩ፣ ባልትና የሚባለው የጓዳ ጥበብ ሁሉ፣ እንጀራው፣ ወጡ፣ ጠላውና ጠጁ፣ ቅመሙና ቅቤው፣ ከብራና ውጭ ሆኖ፣ በቃልና በእጅ ብቻ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ከእኛ ዘመን ደረሰ።

በእኛም ዘመን፣ ዓይንን የሚሸፍን መሣሪያ ያጠለቀ ተማሪ በምናባዊ ማእድ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እርምጃውን እየተከታተለና እንደ ችሎታው እየመከረው፣ የአባቶቹን ምግብ መሥራት የሚማርበት ስልት መጥቷል። ይህን አዲስ ነገር ገና ሳይመረምሩት የሚያመሰግኑትም፣ ገና ሳያዩት የሚንቁትም አሉ። እኔ ግን ፍርዱ ከሁለቱ ወገኖች አንዳቸውም ካልጠየቁት ጥያቄ መነሣት ይገባዋል እላለሁ፤ ይኸውም ያ አሮጌው ጓዳ ራሱ እንዴት ያስተምር ነበር የሚለው ነው። ጓዳው የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ደረጃና የራሱ መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ታሪኩን የመረመረ ሁሉ ይረዳዋል፤ አዲሱም መሣሪያ የሚመሰገነውም ሆነ የሚነቀፈው በዚያ ልክ ሲለካ ነው።

ስለ ጓዳው ኃይል ከሚነገሩት ምስክሮች ሁሉ የጎላው በ1880 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምርቃት ያደረጉት ግብር ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ የዚያን ግብር ብዛትና ዓይነት በአድናቆት ጽፈውታል፤ የአፍሪካን የምግብ ታሪክ ያጠኑት አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እቴጌይቱ የልዩ ልዩ አገሮችን ምግብ በአንድ ማእድ ሰብስበው በማቅረባቸው የመንግሥቱን ስፋትና አንድነት እንደ ገለጡበት ያስረዳሉ። ይህ እውነት መሆኑን እቀበላለሁ፤ ሐሳቤ የሚሄደው ግን ከአዳራሹ በስተኋላ ወዳለው ጭስ ነው። ያን ያህል ሕዝብ ለማጥገብ በየምጣዱ ሥር እሳት ያነደደው፣ ሊጡን ያቦካው፣ ከአንዱ ድስት የተጨለፈው ወጥ ከሌላው ድስት እንዳይለይ አድርጎ ያጣፈጠው እጅ፣ የሠለጠነና እርስ በርሱ የሚግባባ እጅ መሆን ነበረበት። በትላልቅ ግቢዎች እንጀራ ጋጋሪው፣ ወጥ ሠሪው፣ ጠጅ ጣዩና ጠላ ጠማቂው የየራሱ ቤትና አዛዥ ነበረውና፣ ወደዚያ የገባች ልጅ አንዱን የሙያ ዘርፍ ይዛ እስከ ሥሩ ትወርድ ነበር፤ በአነስተኛ ቤት ያደገችው ደግሞ ሁሉንም በመጠን በመጠኑ ትይዛለች።

ስለዚያ ዘመን ስንጽፍ የሥራውን ማማር ብቻ አንሥተን ሸክሙን መደበቅ አይገባንም። በመኳንንቱ ግቢ ውኃ ከሚቀዱት፣ እንጨት ከሚሸከሙትና በድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሰው እህል ከሚፈጩት ሴቶች ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ፤ የባርነት መወገድ በሕግ የታወጀውም ገና በ1934 ዓ.ም. ነው። ነጻ በሆነችውም ገበሬ ቤት ቢሆን፣ ሌሊት ተነሥታ መጅ ይዛ የምትውለው ልጅ ፊደል ለመቁጠር ጊዜ አልነበራትም። ብዙ ሴት ልጆች ባለሙያ የሚለውን ስም ያገኙት በማማሰያ እየተመቱ፣ በእሳት እየተለበለቡ፣ ምርጫም ሳይሰጣቸው ነው። የመኪና ወፍጮ ወደ ከተማና ወደ ገጠር ሲገባ ማንም የድንጋዩን ወፍጮ ድምፅ ናፍቆ አላለቀሰም፤ ባልትናውም በዚያ ምክንያት አልጠፋም።

የጓዳው ትምህርት በምን ስልት ይካሄድ እንደ ነበር ልንገነዘብ ብንፈልግ ከቅኔ ቤት የተሻለ አምሳያ የለውም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ድረስ በደረጃ ይወጣል፤ መምህሩም ለሁሉ አንድ ቃል ከመናገር ይልቅ የእያንዳንዱን ደቀ መዝሙር ቅኔ ለብቻው ሰምቶ፣ የሳተበትን ቃል ነቅሶ ያርመዋል፤ የበረታውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የደከመውን ባለበት ያጸናዋል። በጓዳም እንዲሁ ነበር። ልጅቱ በመጀመሪያ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ እሳት ታነዳለች፤ ቀጥላ ሽሮ ትሠራለች፣ ሽሮ ጓል ቢይዝባትም ጥፋቱ ብዙ አይደለምና፤ ከዚያ ክኩና ምስሩ ይሰጣታል፤ ሊጥ ማቡካትና እንጀራ መጋገር እጅዋ ሲረጋ ይከተላል፤ ዶሮ መበለትና ዶሮ ወጥ መሥራት የሁሉ መደምደሚያ ነው። ፈረሰኛውን፣ መላላጫውን፣ ታፋውን፣ ክንፉን እየለየች፣ አጥንት ሳትሰብር አሥራ ሁለቱን ብልት ያወጣች፣ ሥጋውንም በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ደጋግማ ያጠበች ልጅ ከመወድስ እንደ ደረሰ ተማሪ ትቆጠር ነበር።

ዋናው ምሥጢር ግን ከደረጃው ይልቅ በእናትየው አቋቋም ላይ ነው። ቁሌት ሲሠራ የተመለከተ ይህን ያውቀዋል። በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ በድስት ይጣላል፤ መጀመሪያ ራሱ ውኃ ያወጣል፣ ድምፁም የሚፈላ ውኃ ድምፅ ነው፤ ልጅቱ ሳታቋርጥ ታማስላለች። ውኃው እየደረቀ ሲሄድ ድምፁ ይለወጣል፣ ይሰላል፣ ከድስቱ ቂጥም ጭር ጭር ማለት ይጀምራል። እናት በዚያን ጊዜ ፊትዋን ወደ ሌላ ሥራ አዙራ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮዋ ግን ከድስቱ ነውና «ስሚው፣ ውኃ ጠብ አድርጊበት» ትላለች። በርበሬው ሲገባ ጥሬው ሽታ አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገበት ሲቁላላ ያ የሚሰነፍጠው ሽታ ረግቦ የበሰለ፣ ወፍራም መዓዛ ይሆናል፤ ይህ መለወጫ በሰዓት የማይነገር፣ በአፍንጫ ብቻ የሚታወቅ ነው። ልጅቱ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠራ እናት በየአፍታው ትናገራለች፤ ከጊዜ በኋላ በጥቅሻ ብቻ ታመለክታለች፤ በመጨረሻ ትታት ወደ ቤተ ዘመድ ትሄዳለች። ምክሩ የሚበዛውና የሚያንሰው በልጅቱ ችሎታ ልክ ነው፤ ይህን ማንም በመጽሐፍ አላስተማራትም።

እንጀራም የራሱ ትምህርት አለው። ሊጡ በእርሾ ቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከላዩ የረጋው ቢጫ ውኃ ይቀነሳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ ይበስልና አብሲት ተብሎ ወደ ቀሪው ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ ሊጡም ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሀል ይፈስሳል። ዓይን ሲያወጣ አክንባሎ ይከደንበታል። የእጅ አዟዟር ፍጥነት፣ የሊጡ ቅጥነት፣ የምጣዱ ሙቀት፣ ሦስቱ ካልተስማሙ እንጀራው ዓይን የለሽ ወይም ድርቅ ያለ ይሆናል፤ ከሦስቱ የትኛው እንዳጠፋ ለይታ የምትነግረው ግን ጎን ለጎን የቆመችው መምህርት ናት። ጀማሪዋ ምጣዱን ትወቅሳለች፤ እናት የእጅዋን መንቀጥቀጥ አይታለች።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኋላው ክርክር ይጠቅመናልና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት ሁሉም ሲደመሩ በዓመት እስከ 250 ይደርሳሉ። በጾም ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ወጥ የምትሠራ ጾመኛ ሴት የሠራችውን አትቀምስም። በፍስክ ቀን ከማማሰያው ጫፍ መዳፍዋ ላይ ጠብ አድርጋ የምትልሰው ወጥ በጾም ቀን ክልክል ነው። እንግዲህ ጨውን በእጅዋ ልክ፣ ብስለቱን በድምፁና በወፍራምነቱ፣ የቅመሙን መስማማት በእንፋሎቱ ሽታ ታውቀዋለች፤ ቤተሰቡም ሲፈስክ ወጡ ጨው አልጎደለውም፣ አልበዛበትምም። ይህን ሙያ ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው፤ ምላስ ሳይረዳቸው የቀሩት ሕዋሳት ምን ያህል ሊሠለጥኑ እንደሚችሉ ያሳያልና።

ይህ ሥርዓት መናጋት የጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት ነው። በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ የቤት አያያዝ በየትምህርት ቤቱ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተቆጠረ። በ1950ዎቹ ደግሞ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቁሞ፣ ኋላ የኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ብዙ እናቶች የሚያስታውሱት የፋፋ ዱቄት የተገኘው ከዚያ ነው። ስዊድናዊቱ ሩት ሴሊኑስም የመካከለኛውን የኢትዮጵያ ደጋ ባህላዊ ምግቦች አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኡፕሳላ አሳተመች። በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ ወጣት ወንዶችን ነጭ ልብስ አልብሶ በድስት ፊት አቆመ፤ ወንድ ልጅ ወጥ ሲሠራ ማየት ያስነውር በነበረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በመዳፍና በቁንጣሪ ይለካ የነበረው ሁሉ በግራምና በሲኒ ተጻፈ።

የዚህን ሥራ ጥቅም አልክድም። የተጻፈ ነገር ይጸናል፤ እናትዋ የሞተችባት ልጅ እንኳ ከመጽሐፍ ልትማር ትችላለች፤ ሐኪሙም የእህሉን ኃይል መርምሮ ለሕፃናት የሚበጀውን ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን መጽሐፍ ለሁሉም አንባቢ አንድ ቃል ይናገራል። «ሽንኩርቱ እስኪበስል አቁላላ» ብሎ ያልፋል፤ ድምፁ ሲለወጥ «ስሚው» የሚል ግን በገጹ ላይ የለም። አርባ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንዲት መምህርት ስታቁላላ ቢመለከቱም ያው ነው፤ አርባ እጆችን በአንድ ጊዜ ማረም ከሰው አቅም በላይ ነው። ጓዳው በድህነቱና በጭካኔው መካከል ይዞት የነበረው ዕንቁ፣ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ መሆኑ፣ በትምህርት ቤት በር ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ስደት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት በዋሽንግተን ከተማ ሲከፈት፣ ቀጥሎም በአዳምስ ሞርጋን ሠፈር ብዙዎች ሲከተሉት፣ ወጥ ሠሪዎቹ በአዲስ ምድር ላይ ሙያቸውን እንደ ገና መማር ነበረባቸው። ጤፍ አልነበረምና ስንዴና ገብስ ደባለቁ፤ ኋላ በአይዳሆ ግዛት አንድ አሜሪካዊ ገበሬ ጤፍ መዝራት ጀመረና እጥረቱ ተቃለለ። ምጣድ አልነበረምና የኖርዌይ ስደተኞች ለፍሰ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዙ፤ ዛሬም በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት በአሜሪካ ያ መጋገሪያ ይገኛል። እርሾው ግን በአዲሱ አየርና በአዲሱ ውኃ አልታዘዝ ሲላቸው ወደ አገር ቤት ስልክ ይደውሉ ነበር፤ እናትም የማታየውን ሊጥ በስልክ ልትመረምር ትሞክራለች። እዚያ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ከተንቀሳቃሽ ሥዕል ይማራሉ፤ ሥዕሉ ሁሉን ያሳያቸዋል፣ የእነርሱን ድስት ግን አያይም። እንግዲህ የምናባዊው ማእድ ቤት ጥያቄ በተለይ ለእነዚህ ልጆች እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ አያታቸው በጎንደር ወይም በደሴ ናት፣ እነርሱ ደግሞ በሜሪላንድ።

የአዲሱም ስልት የዘር ሐረግ ከምናስበው ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪዎች ከመሬት ሳይነሡ መብረር የሚለማመዱበትን መሣሪያ ሠራ፤ ወድቀው የማይሞቱበት ትምህርት ማለት ነው። በ1968 አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚጠለቅ፣ ዓይን ፊት የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ አቀረበ። በ1970 ሃይሜ ካርቦኔል የደቡብ አሜሪካን መልክዐ ምድር ለተማሪ እየጠየቀና እየመለሰ የሚያስተምር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈ። በ1984 ደግሞ ቤንጃሚን ብሉም የተባለው የትምህርት ሊቅ፣ ለብቻው መምህር የተሰጠው መካከለኛ ተማሪ በተራ ክፍል ከሚማሩት ከመቶ 98ቱን ሊበልጥ እንደሚችል ጻፈ፤ ኋላ የመጡ ጥናቶች ልዩነቱን አነስ አድርገው ቢያገኙትም፣ ጓዳችንና ቅኔ ቤታችን በልማድ ያውቁት የነበረውን እርሱ በቁጥር አረጋገጠው። በ2002 በታተመ ጥናት በምናባዊ እውነታ የተለማመዱ ወጣት ቀዶ ጥገና ሐኪሞች የሐሞት ከረጢቱን ከጉበት የመለየቱን ሥራ ካልተለማመዱት በመቶ 29 ፈጥነው ፈጽመዋል። የተጠኑት ሐኪሞች 16 ብቻ ነበሩ፤ ቢሆንም በዚህ መንገድ የሠለጠነ እጅ ሙያውን ይዞ ወደ እውነተኛው ሥራ መሻገሩን ያመለክታል።

በዚህ ስልት ባልትናን ማስተማር ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። መሣሪያው በካሜራዎቹ የተማሪውን እጅ ይከተላል፤ ማማሰያው የት እንደ ደረሰ፣ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ፣ የትኛው የድስቱ ጎን እንደ ተረሳ ይመዘግባል። ከዚህ ተነሥቶ ተማሪው የቱን እንዳወቀና የቱን እንዳላወቀ ይገምታል፤ ለጀማሪው ቀጣዩን እርምጃ በቃል ይነግረዋል፣ ለለመደው ዝም ይላል፣ በአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚሳሳተውን ወደ ኋላ መልሶ ያን ብቻ ያለማምደዋል። ቁሌቱ ቢያርር ሽንኩርት አልባከነም፤ እንደ ገና ይጀመራል። ለድሀ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዶሮ በዓመት በዓል ብቻ በሚታረድበት ቤት የምታድግ ልጅ ብልት ማውጣትን የምትለማመድበት ዕድል በዓመት ከጥቂት ጊዜ አይበልጥም፤ በምናባዊው ማእድ ቤት ግን ደጋግማ ትለማመዳለች። ማማሰያ አንሥቶ የሚመታትም የለም።

የሚጎድለውስ? ብዙዎች መጀመሪያ የሚያነሡት ጣዕምን ነው፤ ምናባዊ ወጥ አይቀመስምና። ስለ ጾመኛዋ ሴት የተናገርሁት እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። ከሊቃውንተ ባልትና ዋነኞቹ በዓመት ብዙውን ቀን ሳይቀምሱ ሠርተዋል፤ ስለዚህ ጣዕም አለመኖሩ ብቻውን ትምህርቱን አያፈርሰውም። የሚያሳስበኝ ሽታው ነው። ጾመኛዋን ይመራት የነበረው በርበሬው ከጥሬነት ወደ ብስለት ሲሻገር የሚሰጠው መዓዛ፣ ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማውና ኮሰረቱ የሚያወጡት ሽታ፣ ሊጡ ከመጠን ሲያልፍ የሚኮመጥጠው እንፋሎት በዚህ መሣሪያ ውስጥ የሉም። የእሳት ግለትና የማማሰያ ክብደት እንዲሁ ጎድለዋል፤ የእጅ ጓንት አንቀጥቅጦ ክብደትን ቢያስመስልም፣ እየወፈረ የሚሄድ ሽሮ ክንድን እንደሚይዘው አይዝም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት መሣሪያው የሚበቃው ለእጅ ሥርዓት፣ ለተከታታይ እርምጃና ለዓይን ነው፤ አፍንጫው በእውነተኛ ድስት ላይ መሠልጠን አለበት። በእውነተኛው ማእድ ቤት ዙሪያውን እያሳየ በላዩ ላይ ምክር የሚጽፈው ዓይነት መሣሪያ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል፤ ነገር ግን በፈላ ዘይትና በእሳት ፊት ዓይኑ የተሸፈነ ጀማሪን ማቆም የሚያሰጋ ነውና ያለ ሰው ጥበቃ መሆን አይገባውም።

ከዚህ የሚከብደው ግን የማንን እጅ እንዲመስል ይሠራል የሚለው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ መሣሪያው ምንም ቢራቀቅ ያለው ሙያ የተማረው ሙያ ብቻ ነው። የሸዋው አሠራር አንድ ነው፣ የጎንደሩ ሌላ፣ የወሎው ሌላ፤ በትግራይ፣ በሐረር፣ በጉራጌ የእሳቱም የቅመሙም ነገር ይለያል። ትውፊትም የቆመ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይመስለን ቀይ በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣና ከ16ኛው መቶ ዓመት በፊት አገራችን ያልነበረ ነው። አንድ የሠሪዎች ቡድን የአንዲትን ሴት ዶሮ ወጥ ቀድቶ ለመሣሪያው «ትክክለኛው ይህ ነው» ቢለው፣ መሣሪያው የወሎዋን አያት ሙያ እንደ ስሕተት ቆጥሮ የልጅ ልጅዋን ሊያርማት ይችላል። ቅኔ ቤት እንኳ የጎንጅና የዋድላ መንገድ እየተባለ ሁለቱም ተከብረው ኖረዋል። መሣሪያውም እንዲሁ፣ መንገዱን ሳይለይ ማረም የለበትም፤ በመጀመሪያ ተማሪውን የማንን መንገድ መከተል እንደሚሻ ይጠይቀው።

ሙያቸው የሚቀዳላቸውም ሴቶች እንደ ቀድሞው ስማቸው ሳይታወቅ መቅረት የለባቸውም፤ በየትኛው ቦታ እንደሚሠራበት ሊነገራቸው፣ ፈቃዳቸው ሊጠየቅ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻቸው ሊሰጣቸው ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰስ ቅርስን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ስምምነት ባህሉን የያዘው ማኅበረሰብ በጥበቃው ሥራ እንዲሳተፍ ይጠይቃል፤ በዚሁም ስምምነት መሠረት የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ በ2010፣ የጃፓኑ ዋሾኩ በ2013 ተመዝግበዋል።

ሙያውን ለመሣሪያው የመቅዳቱ ሥራ ቢጀመር ደግሞ ዶሮ ወጥን ለኋላ ትቶ ከእርሾ እንዲነሣ እመክራለሁ። ዶሮ ወጥን በየበዓሉ የሚሠራው ሰው ብዙ ነው፤ በራስዋ እርሾ የምታቦካ ሴት ግን እንጀራ ከሱቅ በሚገዛበት ከተማ እያነሰች ነው። የእርሾ ነገር ደግሞ በአንድ ቀን አይቀዳም። በደብረ ብርሃን ብርድና በድሬዳዋ ሙቀት የሚቦካው ሊጥ የሚደርስበት ሰዓት አንድ አይደለም፤ በክረምትና በበጋም ይለያል። ስለዚህ መዝጋቢው ከአንዲት ባለሙያ ቤት ሊጡ ከተቦካበት ሰዓት ጀምሮ እስኪጋገር ድረስ ተቀምጦ፣ የቤቱን ሙቀት፣ የውኃውን መጠን፣ ቢጫው ውኃ የተቀነሰበትን ጊዜ፣ የአብሲቱን ልክ መጻፍ አለበት፤ ክዳኑን በከፈተችና ባሸተተች ቁጥርም ምን እንደ ሸተታት ሊጠይቃት፣ የሰጠችውንም መልስ በራስዋ ቃል፣ ሳያሳምርና ሳያሳጥር፣ ከሙቀቱ ቁጥር አጠገብ ሊያሰፍረው ይገባል።